አዛውንት እንዳይወድቁ፦ ከዘራ፣ የመስሚያ መሣሪያ ወይስ የሚዛን ልምምድ?

አንድ ትልቅ ሰው ሲወድቁ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሮጠው ከዘራ ፍለጋ ነው። ቀጥሎ «ብቻዎን እንዳይነሱ» የሚል ትእዛዝ ይመጣል። ሁለቱም ከፍቅር የመጡ ናቸው። ከዘራው ግን አንዱን ሰው ይጠቅማል፣ ሌላውን ምንም አይፈይድለትም። ትእዛዙ ደግሞ ብዙ ጊዜ ነገሩን ያባብሳል። ቁጭ ብሎ የሚውል እግር ይደክማል፤ የደከመ እግር መልሶ ይጥላል።

ጆሯቸው የደከመ፣ ሚዛናቸውም የተናጋ ከሆነ ምርጫው ይበልጥ ይወሳሰባል። የመስሚያ መሣሪያ አለ፣ ዎከር፣ ማለትም በሁለት እጅ ይዘው የሚራመዱበት መደገፊያ፣ አለ፣ የማዞር ክኒን አለ፣ የፊዚዮቴራፒ ልምምድ አለ፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል የድረሱልኝ ቁልፍ አለ። ሁሉንም ማሟላት ለማንም ይከብዳል፣ ደግሞም አያስፈልግም። የትኛው ይቅደም የሚለው የሚመለሰው ሰውየው ምን ጎድሎባቸው እንደሚወድቁ ሲታወቅ ነው። ስለዚህ ዕቃዎቹን ከማወዳደራችን በፊት የአወዳደቁን ዓይነት እንለይ።

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ ምክንያት ይሞታሉ። ሕክምና የሚያስፈልገው አወዳደቅ ደግሞ 37 ሚሊዮን ይደርሳል። ዕድሜያቸው ከ65 በላይ ከሆኑ ሰዎች ከ28 እስከ 35 በመቶ የሚሆኑት በዓመት ቢያንስ አንዴ ይወድቃሉ። አንዴ የወደቀ ሰው ደግሞ እንደገና የመውደቅ ዕድሉ በእጥፍ ይጨምራል። «እንዲያው አዳልጦኝ ነው» ብለው ሲያቃልሉት ዝም ብላችሁ አትለፉ።

ጆሮ ከመውደቅ ጋር ምን አገናኘው?

የውስጥ ጆሮ ሁለት ሥራ አለው። አንዱ ክፍል ድምፅ ይቀበላል። ጎረቤቱ የሆነው ሌላው ክፍል የጭንቅላትን እንቅስቃሴ ለአንጎል ይነግራል። ሁለቱ አንድ ዓይነት ፈሳሽ ይጋራሉ፣ መልእክታቸውም በአንድ ነርቭ በኩል ነው የሚሄደው። አንዱን የጎዳ በሽታ ወይም መድኃኒት ሌላውንም ቢነካ አይገርምም።

ሚዛን የሚጠበቀው ግን በጆሮ ብቻ አይደለም። ዓይን አለ፤ ከእግር መዳፍና ከመገጣጠሚያ የሚመጣ ስሜትም አለ። አንጎል ሦስቱን አዋሕዶ ቀጥ አድርጎ ያቆመናል። አንዱ ሲደክም ሁለቱ ይሸፍኑለታል። ለዚህ ነው ጆሯቸው የተጎዳ ሰው ቀን ቀን ደህና ሲራመዱ ውለው ሌሊት ወደ ሽንት ቤት ሲሄዱ የሚወድቁት። ጨለማው ዓይንን ወሰደባቸው።

መስማት ራሱስ? እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 69 የሆኑ ሰዎችን ተመልክቶ ነበር። የ25 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) የመስማት ጉድለት፣ ማለትም ቀላል የሚባለው ዓይነት፣ ያለባቸው ሰዎች ባለፈው ዓመት ወድቀናል የማለት ዕድላቸው ሦስት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። ጉድለቱ በየ10 ዴሲቤሉ ሲጨምር ዕድሉም በ1.4 እጥፍ ከፍ ይላል። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይመስልም። የሚዛኑ ክፍል አብሮ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። የራስን ኮቴ፣ ከኋላ የሚመጣ ሰውን፣ የበር ድምፅን አለመስማት አለ። ከሁሉ በላይ ግን እኔን የሚያሳምነኝ ድካሙ ነው። አንጎል ቃል ለመያዝ ሲታገል ለእርምጃ የሚያውለው ትኩረት ያንሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1997 የስዊድን ተመራማሪዎች አንድ ቀላል ነገር አስተዋሉ። አብሯቸው የሚሄድ ሰው ሲያናግራቸው እርምጃቸውን የሚያቆሙ አዛውንት በቀጣዮቹ ወራት የመውደቅ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር። ይህን ቤታችሁ ውስጥ በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ።

መጀመሪያ ዓይነቱን መለየት

«ያዞረኛል» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ያጠቃልላል። ጠጋ ብላችሁ ጠይቁ። መቼ? ምን እያደረጉ? ስንት ሰዓት ቆየ?

አልጋ ላይ ሲገላበጡ ወይም ቀና ብለው ዕቃ ሲያወርዱ ቤቱ ይሽከረከራል፣ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜም ይተዋል? ይህ ብዙ ጊዜ በውስጥ ጆሮ ያሉ ጥቃቅን የካልሲየም ቅንጣቶች ከቦታቸው ወጥተው የሚያመጡት ነው። ከሁሉም ለማከም የሚቀለው ይኸኛው ነው። አንዳንድ ትልልቅ ሰዎች መሽከርከሩን ሳይሆን «ያንገዳግደኛል» ብቻ ነው የሚሉት፤ ስለዚህ ባይሽከረከርም ይመርመር።

ከተኙበት ወይም ከተቀመጡበት ሲነሱ ዓይናቸው ጭልም የሚል ከሆነ የደም ግፊት መውረድን ጠርጥሩ። አምስት ደቂቃ ተኝተው ግፊታቸው ይለካ፤ ከዚያ ቆመው በአንደኛውና በሦስተኛው ደቂቃ እንደገና ይለካ። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው። ከዘራ ይህን አያስተካክልም። ውኃ መጠጣት፣ አልጋ ጠርዝ ላይ ትንሽ ቆይቶ መነሳትና የግፊት መድኃኒቱን ከሐኪም ጋር መከለስ ግን ያስተካክለዋል።

መሽከርከር የለም፤ ነገር ግን በጨለማ፣ በአሸዋ ወይም በወፍራም ምንጣፍ ላይ ይንገዳገዳሉ። ሲራመዱ ደግሞ የሚያዩት ነገር ይዘላል። ይህ የሁለቱም ጆሮ ሚዛን ክፍል መድከሙን ያመለክታል። ጄንታማይሲን የሚባለውን መርፌ የወሰዱ ሰዎች ላይ ይህ እንደሚደርስ የታወቀ ነው።

ማዞሩ ከ20 ደቂቃ እስከ 12 ሰዓት ይቆያል፤ አብሮም አንዱ ጆሮ ይደፈናል፣ ይጮኻል፣ መስማቱም ወጣ ገባ ይላል? ይህ ሜኒየር የሚባለው የውስጥ ጆሮ በሽታ ሊሆን ስለሚችል የጆሮ ስፔሻሊስት ይየው።

እግራቸው የደነዘዘ፣ በተለይ ስኳር ያለባቸው ሰዎች ደግሞ ችግራቸው ከታች ነው። መሬቱን እግራቸው አይነግራቸውም።

የማይቆዩ ነገሮችም አሉ። መስማት በሰዓታት ወይም በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ድንገት ከጠፋ «ኩክ ነው» ብሎ ሳምንት መጠበቅ አይገባም። ሕክምናው የሚጠቅመው ቶሎ ሲጀመር ነው። አዲስ ማዞር ከንግግር መኮላተፍ፣ ከፊት መጣመም፣ ነገሮች ሁለት ሆነው ከመታየት ወይም በአንድ ጎን ከመድከም ጋር ከመጣ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ሰው ወድቀው ጭንቅላታቸውን ከመቱም፣ ደህና ቢመስሉም እንኳ እንዲሁ።

ክኒን፣ ጭንቅላት ማዞር ወይስ የሚዛን ልምምድ?

የማዞር ክኒን ብዙ ቤት አለ። ስህተቱ ያለው ለወራት መዋጡ ላይ ነው። ክኒኑ ከባድ ማዞርና ማስመለስ ሲኖር ለሁለት ሦስት ቀን ያሳርፋል። ከዚያ በኋላ ግን እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል፤ አንጎልም ጉድለቱን ለምዶ እንዳያካክስ ያዘገየዋል። አንድ ትልቅ ሰው ለመውደቅ የሚያጋልጣቸውን መድኃኒት ላለመውደቅ ብለው ሲውጡት ማየት ያሳዝናል።

ከቦታቸው ለወጡት ቅንጣቶች ደግሞ ክኒኑ ምንም አያደርግም። መፍትሔው አሜሪካዊው የጆሮ ሐኪም ጆን ኤፕሊ ያስተዋወቀው ዘዴ ነው። ሰውየው ይተኛሉ፤ ባለሙያው ጭንቅላታቸውን በተወሰነ ቅደም ተከተል እያዞረ በእያንዳንዱ አቅጣጫ ከግማሽ እስከ አንድ ደቂቃ ያቆያል። ቅንጣቶቹ ተንከባለው ወደማይረብሹበት ይመለሳሉ። በአንድ ወይም በሁለት ጊዜ ብዙ ሰው ይድናል። ሊመለስ ይችላል፤ ከተመለሰ ይደገማል። በቪዲዮ አይቶ ቤት ውስጥ መሞከርን በተመለከተ የኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ የመጀመሪያውን ባለሙያ ይሥራው። የትኛው ጆሮ እንደሆነ ካልታወቀ በተሳሳተ በኩል ማዞር ብቻ ይሆናል፤ የአንገት ችግር ያለባቸው ሰዎች ላይ ደግሞ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ሦስተኛው አማራጭ የሚዛን ተሐድሶ ልምምድ ነው። የሚሠራው ጉዳቱ ቋሚ ለሆነ ሰው ነው። አንዱን ልጥቀስ። ትልቅ ፊደል የተጻፈበት ካርድ በክንድ ርቀት ይያዛል። ዓይን ፊደሉ ላይ ተተክሎ ጭንቅላት ቀኝና ግራ ይወዛወዛል። ፊደሉ መደብዘዝ ሊጀምር እስኪል ፍጥነት ይጨመራል። አንድ ደቂቃ፣ በቀን ብዙ ጊዜ። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ያዞራል። «አልተስማማኝም» ብለው የሚያቋርጡት እዚህ ላይ ነው። ትንሹ ማዞር ግን የልምምዱ አካል ነው፤ አንጎል የሚማረው በሱ ነው። ከ20 ደቂቃ በላይ የሚቆይ ከሆነ ፍጥነቱን መቀነስ እንጂ ማቆም አያስፈልግም። የሜኒየር ሕመም እየመጣ እየሄደ ለሚያስቸግራቸው ሰዎች ግን በሕመሙ መሀል ይህ ልምምድ ብዙ አያግዝም።

የሚወሰዱ መድኃኒቶችን ሁሉ አንድ ፌስታል ውስጥ ከቶ ለሐኪም ወይም ለፋርማሲስት ማሳየት ከሁሉም ርካሹ ሥራ ነው። የእንቅልፍ ክኒን፣ የጭንቀትና የድባቴ መድኃኒት፣ የቆዩ የአለርጂ ክኒኖችና የግፊት መድኃኒት ቀዳሚ ተጠርጣሪዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የኒውዚላንድ ጥናት የእንቅልፍና መሰል መድኃኒቶችን ቀስ በቀስ ማቋረጥ አወዳደቅን በ66 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ችግሩ፣ ብዙዎቹ ጥናቱ ሲያልቅ ወደ ክኒናቸው ተመለሱ። በራስ ፈቃድ ድንገት ማቆም ደግሞ አደጋ ስላለው ቀስ እየተባለ በሐኪም ምክር ይሁን።

የእግር ጉዞ፣ ታይ ቺ ወይስ የጡንቻ ማጠንከሪያ?

«በየቀኑ ይራመዳሉ እኮ!» የሚል መልስ ብዙ ይሰማል። መራመድ ለልብ ጥሩ ነው። መውደቅን ለመከላከል ግን ብቻውን መጥቀሙ አልተረጋገጠም። ሚዛንን የሚያሠለጥነው ሚዛንን የሚፈታተን ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝን ድርጅት) ግምገማ 108 ጥናቶችን አሰባስቧል፤ ከ23,000 በላይ ሰዎች ተሳትፈውባቸዋል። የአካል እንቅስቃሴ በጥቅሉ አወዳደቅን በ23 በመቶ ቀንሷል። የሚዛን ልምምድ ከጡንቻ ማጠንከሪያ ጋር ሲጣመር ቅነሳው 34 በመቶ ደርሷል። ታይ ቺ፣ ማለትም ቀስ እያሉ የሚሠሩት የቻይና እንቅስቃሴ፣ 19 በመቶ ነው፤ ማስረጃው ግን ትንሽ ላላ ያለ ነው።

እነዚህን ለአንድ ሰው ስንመርጥ ዋናው ነገር የትኛውን ይቀጥሉታል የሚለው ነው። ከሰው ጋር መሆን የሚወዱ፣ እግራቸው ገና ጠንካራ የሆነ ሰው ታይ ቺ ወይም የቡድን ልምምድ ይስማማቸዋል። ግን ልብ በሉ፤ መስማት የሚቸገር ሰው በትልቅ አዳራሽ፣ ሙዚቃ እየተከፈተ፣ ከኋላ ቆሞ ምንም አይከተልም። ከፊት ይቁሙ፤ አሠልጣኙም ፊቱን ወደሳቸው አዙሮ በእጁ ያሳይ። ከቤት የማይወጡ ወይም 80ን ያለፉ ከሆነ ደግሞ ኦታጎ የሚባለው የኒውዚላንድ ፕሮግራም ይሻላል። ፊዚዮቴራፒስት ቤት መጥቶ ያስተምራል። ቁርጭምጭሚት ላይ ክብደት አስሮ እግር ማንሳት፣ በተረከዝና በጣት መቆም፣ እጅ ሳይጠቀሙ ከወንበር መነሳት ይገኙበታል። በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። መራመዱ የሚጨመረው ከዚህ በላይ ነው። ፕሮግራሙ አወዳደቅን በ35 በመቶ ያህል ቀንሷል።

ከየት እንደሚጀመር ለማወቅ አንድ ፈተና አለ። ወጥ ቤት ውስጥ የማይነቃነቅ ጠረጴዛ አጠገብ ይቁሙ፤ እናንተ ከጎናቸው ሁኑ። መጀመሪያ ሁለቱ እግር ተጠጋግቶ። ቀጥሎ አንዱ እግር በግማሽ ወደፊት ወጥቶ። ቀጥሎ የአንዱ ተረከዝ የሌላውን ጣት ነክቶ፣ በገመድ ላይ እንደሚሄድ ሰው። በእያንዳንዱ 10 ሰከንድ ይቆዩ። በሦስተኛው 10 ሰከንድ መቆም ካቃታቸው የመውደቅ ስጋታቸው ከፍ ያለ ስለሆነ በባለሙያ እጅ ቢጀምሩ ይመረጣል። ከቻሉ ይኸው አቋቋም ራሱ ልምምዳቸው ይሆናል፤ ጥርስ ሲቦርሹም ይሠራል።

መጠኑ ላይ አትሞኙ። በሳምንት አንድ ቀን የሚሠራ ልምምድ ብዙ ጊዜ አይበቃም። የተሻለ ውጤት የታየው በሳምንት ሦስት ሰዓት ገደማ ሲደርስ ነው፤ ሲቆምም ጥቅሙ ይጠፋል።

የመስሚያ መሣሪያ፦ አንድ ወይስ ሁለት? ትንሹ ወይስ ትልቁ?

ከመግዛት በፊት ጆሮው ይታይ። የተጋገረ ኩክ ብቻውን መስማትን ይቀንሳል። በጥጥ መቆፈር ወደ ውስጥ ስለሚገፋው ሐኪም ወይም ነርስ ያውጣው።

አሁን ወደ ጥያቄው። መሣሪያው መውደቅን ይቀንሳል? እ.ኤ.አ. በ2023 ከአሜሪካ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የወጣ፣ 299 ሰዎችን ያካተተ ጥናት መሣሪያ የሚጠቀሙት የመውደቅ ዕድላቸው በግማሽ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። በቀን አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚያደርጉት ላይ ልዩነቱ የበለጠ ነው። ያም ሆኖ እንዲህ ዓይነቱ ጥናት ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። መሣሪያ አዘውትሮ የሚያደርግ ሰው በሌላውም ጤናውን የሚከታተል ሊሆን ይችላል። መሣሪያው የተጎዳውን የሚዛን ክፍልም አይጠግንም። እኔ ብመርጥ ግን ለመስማት ብቻም ቢሆን ይገባል እላለሁ፤ መውደቅ ከቀነሰ ምርቃት ነው።

ድምፅ ማጉያና የመስሚያ መሣሪያ አንድ አይደሉም። ማጉያው ሁሉንም እኩል ያጎላል፤ የሳህኑን ኳኳታም፣ የልጁንም ድምፅ። መሣሪያው በመስማት ምርመራ ውጤት ላይ ተመሥርቶ የጎደለውን ድግግሞሽ ብቻ ነው ከፍ የሚያደርገው። አቅም ካነሰና ችግሩ ቀላል ከሆነ ማጉያ ቴሌቪዥን ለማየትና ፊት ለፊት ለማውራት ያግዛል። መንገድ ላይ ግን አልመክረውም።

ሁለቱም ጆሮ ከደከመ ሁለት መሣሪያ ከአንድ ይሻላል። ድምፅ ከየት እንደመጣ የሚለየው ሁለቱን ጆሮ በማወዳደር ነው። አንድ ብቻ ሲደረግ መኪናው ከቀኝ ይምጣ ከግራ ስለማይታወቅ ሰውየው ጭንቅላታቸውን በፍጥነት ያዞራሉ። ሚዛናቸው ለደከመ ሰዎች ደግሞ ፈጣን የጭንቅላት ዙር ጠላት ነው።

መጠኑን በተመለከተ፣ ጆሮ ውስጥ የሚደበቀው ትንሹ ዓይነት ለማየት ያምራል። ጣት ለሚንቀጠቀጥ፣ ዓይን ለደከመ ሰው ግን ባትሪ መቀየሩ ፈተና ነው። ከጆሮ ጀርባ የሚቀመጥና እንደ ስልክ ቻርጅ የሚደረግ ቢመረጥ መሳቢያ ውስጥ የመቅረት ዕድሉ ያንሳል። መሳቢያ ውስጥ ያለ መሣሪያ ለማንም አይሰማም።

መስማታቸው በጣም ለተጎዳ ሰዎች የሚደረገው የኮክሌር ተከላ (ውስጥ ጆሮ ውስጥ የመስሚያ መሣሪያ የሚተከልበት) ቀዶ ሕክምና ሚዛንን ሊነካ ስለሚችል፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሁለቱም ጆሮ የሚዛን ምርመራ እንዲደረግ ጠይቁ።

ዋጋ የሌለው ነገር ልጨምር። ኮሪደር ላይ እየሄዱ ሳለ ከኋላ «እማዬ!» ብሎ መጥራት ይቅር። በግማሽ ይሰማሉ፣ በፍጥነት ይዞራሉ፣ ይንገዳገዳሉ። ፊት ለፊት መጥቶ ማናገር ይሻላል። ደረጃ ላይ ደግሞ ወሬ የለም፤ ወጥተው ሲጨርሱ ይቀጥላል።

ከዘራ፣ ባለ አራት እግር ከዘራ ወይስ ዎከር?

ከዘራ የሚሠራው በሁለት መንገድ ነው። የታመመ ጉልበት ወይም ዳሌ ላይ የሚያርፈውን ክብደት ይቀንሳል። ለጆሮ ሚዛን ችግር ደግሞ መሬቱን በእጅ በኩል ለአንጎል ይነግራል። ለሁለተኛው ጥቅም ቀላል ንክኪ ይበቃል፤ ሙሉ ክብደት መጣል አያስፈልግም። በአንጻሩ ለሚሽከረከር ማዞርና ለግፊት መውረድ ከዘራ ብዙም አያድንም።

ልኩ ወሳኝ ነው። ሰውየው የዘወትር ጫማቸውን አድርገው፣ እጃቸውን ዝቅ አድርገው ይቁሙ። የከዘራው አናት የእጅ አንጓቸው የታጠፈበት መስመር ላይ ሊደርስ ይገባል። ሲይዙት ክርናቸው ትንሽ ይታጠፋል። ከአያት የተወረሰ ረጅም ከዘራ ትከሻን ይሰቅላል፤ አጭሩ ያጎብጣል። የሚያዘው ደግሞ ከታመመው እግር በተቃራኒ እጅ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጫፉ ላይ ያለው ጎማ ካለቀ ይቀየር፤ ያለቀ ጎማ እርጥብ ሴራሚክ ላይ ሲያርፍ ከዘራው ራሱ ጣይ ይሆናል።

ባለ አራት እግሩ ከዘራ ቆሞ ስለሚጠብቅ ጥሩ ይመስላል። ግን አራቱም እግሮች አንድ ላይ መሬት መንካት አለባቸው። ፈጠን ብሎ ለሚራመድ ሰው ይወላገዳል። ቀስ ብለው ለሚሄዱ፣ ጠንካራ ድጋፍ ለሚፈልጉ ይሁን።

ጎማ የሌለው ዎከር በየእርምጃው መነሳት አለበት፤ ሲነሳ ደግሞ ድጋፉ ለአፍታ ይጠፋል። ወደኋላ የመውደቅ ዝንባሌ ላላቸው ሰዎች ይህ አይመችም። ከፊት ሁለት ጎማ ያለው መካከለኛና ለብዙ ቤት የሚስማማ ነው። አራት ጎማ፣ ፍሬንና መቀመጫ ያለው ደግሞ ውጭ ለሚራመዱና ቶሎ ለሚደክማቸው ምቹ ነው። ግን ክብደታቸውን የሚጥሉበት ከሆነ ከፊታቸው ይሸሻል። ፍሬኑን በደንብ መጨበጥ የማይችል እጅ ካለ አትግዙት።

ቤቱንስ?

እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ሌላ የኮክሬን ግምገማ ቤት ውስጥ ያሉ አደጋዎችን ማስወገድ አወዳደቅን በ26 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ቀድሞ የወደቁና ከፍተኛ ስጋት ያለባቸው ሰዎች ላይ 38 በመቶ ደርሷል። ገና ጠንካራ ለሆኑት ግን እምብዛም ለውጥ አላመጣም። ስለዚህ ቤት ማስተካከል ለወደቀ ሰው ቅድሚያ ይሰጠው፤ ላልወደቀ ሰው ገንዘቡ ልምምድ ላይ ቢውል ይሻላል።

የሚዛን ጆሮው ለተጎዳ ሰው ከሁሉ የሚቀድመው መብራት ነው። ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት ያለው መንገድ ሌሊቱን ሙሉ ደብዘዝ ያለ ብርሃን ይኑረው። ሰው ሲያልፍ ራሱ የሚበራው ዓይነት የተሻለ ነው፤ ማብሪያ ፍለጋ በጨለማ ግድግዳ መዳሰስ ይቀራል።

ሁለተኛው መታጠቢያ ቤት ነው። አንድ ሰው ፊታቸውን በሳሙና ሲታጠቡ ምን እንደሚሆን አስቡት። ዓይናቸው ተጨፍኗል። እግራቸው ያለው እርጥብ ወለል ላይ ነው። ጭንቅላታቸውን ቀና ያደርጋሉ። የመስሚያ መሣሪያቸውን አውልቀዋል። የቀራቸው ድጋፍ የደከመው ጆሮ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ከማያንሸራትት ምንጣፍ ይልቅ ተቀምጦ መታጠቢያ ወንበር ይሻላል እላለሁ። ግድግዳ ላይ የሚያዝ ብረት ካስፈለገ በብሎን የሚታሰረው ይሁን። አየር ስቦ የሚጣበቀው ዓይነት ሳይታሰብ ይላቀቃል። የፎጣ መስቀያ ደግሞ የሰው ክብደት እንዲሸከም አልተሠራም፤ ሰው ግን ሲንገዳገድ የሚይዘው እሱን ነው።

ወፍራም ለስላሳ ምንጣፍ የሚሞቅ ቢሆንም የእግርን ስሜት ይሰርቃል። ይነሳ። ጫማ ላይም እንዲሁ ነው፤ ተረከዙ ክፍት የሆነ ነጠላ ጫማ፣ ካልሲ ብቻ፣ ወፍራም ስፖንጅ ሶል አይመከሩም። ከኋላ የሚይዝ፣ ሶሉ ቀጭንና ጠንከር ያለ ዝቅተኛ ጫማ ይመረጣል።

መነጽር ላይ ምርጫው እንደ ሰውየው ነው። ለቅርብም ለሩቅም የሚሆነው መነጽር ወደታች ሲያዩ ደረጃውን ያደበዝዛል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ከቤት አዘውትረው ለሚወጡ አዛውንት ለውጭ ብቻ የሚሆን የሩቅ መነጽር መስጠት አወዳደቃቸውን በ40 በመቶ ቀንሷል። እምብዛም የማይወጡት ላይ ግን ውጭ የመውደቅ ነገር ጨመረ። የማይወጣ ሰው የለመደውን መነጽር አትቀይሩበት። የዓይን ሞራ ካለ ግን ቀዶ ሕክምናውን ማዘግየት አይገባም።

ቫይታሚን ዲን ይህን ሁሉ የሚተካ አድርጎ የሚያቀርብ ካለ አትስሙት። በዓመት አንዴ የሚሰጥ ከፍተኛ መጠን በአንድ የአውስትራሊያ ጥናት አወዳደቅን ጨምሯል።

ከወደቁ በኋላ፦ ቁልፍ፣ ሰዓት ወይስ ስልክ?

ስልክ ብዙ ጊዜ ሌላ ክፍል ነው የሚቀረው። መውደቅን ራሱ የሚለይ የእጅ ሰዓት ጥሩ ነው። ግን ቀስ ብሎ ከግድግዳ ተንሸራቶ መቀመጥን ላያውቀው ይችላል፤ ቻርጅ ላይ ሲሆን ደግሞ እጅ ላይ የለም። አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ቁልፍ ቀላል ነው፤ ውኃ የማይገባበት ከሆነ ሻወር ውስጥም አይወልቅም። መስማት ለሚቸገሩ ሰዎች አንድ ጥያቄ ጨምሩ። ጥሪው መድረሱን በንዝረት ወይም በብርሃን ያሳውቃል? በድምፅ ብቻ የሚመልስ ከሆነ፣ መሣሪያቸው ከጆሯቸው ወልቆ ወለል ላይ ተኝተው «ሰምተውኝ ይሆን?» እያሉ ይቀራሉ።

ከየትኛውም ዕቃ ጋር አብሮ መማር ያለበት መነሳት ነው። ደህና በሆኑበት ቀን ከፊዚዮቴራፒስት ጋር ይለማመዱት። መጀመሪያ ትንሽ ይተንፍሱ። ወደ ጎን ይንከባለሉ፤ በክርን፣ ከዚያ በእጅና በጉልበት ይደገፉ። ወደ ጠንካራ ወንበር ይዳሁ። ሁለት እጃቸውን መቀመጫው ላይ አድርገው ጠንካራውን እግር ወደፊት ያውጡ፤ ይግፉ፤ ዞረው ይቀመጡ። ዳሌ ወይም አንገት ላይ ሕመም ካለ ግን አይነሱ። ማንም ብብታቸውን ይዞ አይጎትታቸው፤ ብርድ ልብስ አልብሷቸው፣ ፊታቸው በሚታይበት በኩል ተቀምጦ ባለሙያ እስኪመጣ ይጠብቅ።